የደም መለኪያ፣ የሐሞት ጉዳት፦ በሕፃናት የጉበት አደጋ መመሪያዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ሆዱ ላይ አደጋ ደርሶበት ጉበቱ የተሰነጠቀ ሕፃን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ፣ ሐኪሙም ሆነ ነርሷ በመጀመሪያ የሚጠይቁት «እየደማ ነው ወይስ ቆሟል?» ብለው ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሕይወት የሚቀጥፈው ደም ነውና። ችግሩ ጥያቄው በዚያው ማብቃቱ ነው። የሕፃናትን የጉበት ጉዳት ለማከም ዘወትር የሚጠቀሱት መለኪያዎችና መመሪያዎች ደሙን በጥንቃቄ ይከታተላሉ። ጉበት ደም የሚመላለስበት ብቻ ሳይሆን ሐሞት የሚመነጭበትም አካል መሆኑን ግን እምብዛም አያስታውሱም።

መመሪያዎቹን ከመውቀስ በፊት ውለታቸውን መመስከር ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ኡፓድያያና ሲምፕሰን የተባሉ ሐኪሞች ከቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል ባወጡት ጽሑፍ፣ ጣፊያቸው የተጎዳ ሕፃናት ያለ ቀዶ ሕክምና ሊድኑ እንደሚችሉ አሳዩ። ዘመኑ ሆድ ውስጥ ደም ከተገኘ ሆድ ይከፈታል የሚባልበት ነበር። ያ ልምድ ቀስ በቀስ ወደ ጉበትም ተሸጋገረ። ዛሬ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ የተረጋጋ ሕፃን፣ ጉበቱ ክፉኛ ቢሰነጠቅም እንኳ በተቻለ መጠን ሆዱ አይከፈትም። በዚህም እጅግ ብዙ ሕፃናት ከአላስፈላጊ ቀዶ ሕክምና፣ ከማደንዘዣና ከብዙ ደም ልገሳ ድነዋል። ይህን ትርፍ የሚክድ ሂስ ሚዛኑን የሳተ ይሆናል።

ይኸው ልምድ በሥርዓት የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር የአደጋ ኮሚቴ፣ በ32 ማዕከላት ያለ ቀዶ ሕክምና የታከሙ የ832 ሕፃናትን መዝገብ መርምሮ አንድ አጭር ሠንጠረዥ አወጣ። ሠንጠረዡ በሲቲ ስካን የታየውን የጉዳት ደረጃ መሠረት ያደርጋል። ደረጃ 1 የሆነ ሕፃን 2 ቀን፣ ደረጃ 2 የሆነ 3 ቀን፣ ደረጃ 3 የሆነ 4 ቀን፣ ደረጃ 4 የሆነ ደግሞ አንዱን ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል አሳልፎ በጠቅላላው 5 ቀን ይተኛል። ከዚያም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ከሩጫና ከግብግብ ይታቀባል። ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊትም ሆነ ከወጣ በኋላ ሊነሳ የሚገባው የምስል ምርመራ በሚለው ዓምድ ሥር፣ ከላይ እስከ ታች የተጻፈው «የለም» ነው።

ሠንጠረዡ ለአልጋ እጥረትና ለወጪ የተቆረቆረ፣ ለአሠራርም ቀላል ነበር፤ ስለዚህ ተወደደ። የተለካበት ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ ግን መልሱ ግልጽ ነው፤ ደም ነው። ሕፃኑ ዳግመኛ ደማ ወይስ አልደማም? ደም ተሰጠው ወይስ አልተሰጠውም? ሆዱ ተከፈተ ወይስ አልተከፈተም? «ተሳካ» የሚለው ቃል ራሱ ሆዱ አልተከፈተም ማለት ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ሆዱ በሐሞት ተወጥሮ የተመለሰ ሕፃን፣ በቱቦ ብቻ ከታከመ፣ በዚህ አቆጣጠር ከተሳካላቸው ጎራ ይመደባል።

ሠንጠረዡ የተመረኮዘበት የጉዳት ደረጃም ቢሆን ከዚህ ጉድለት አያመልጥም። የአሜሪካ የአደጋ ቀዶ ሕክምና ማኅበር የጉበት ጉዳት መለኪያውን በ1989 አውጥቶ በ1994 አሻሻለው። መለኪያው የሚቆጥረው ስንጥቁ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደጠለቀ፣ በሽፋኑ ሥር የቋጠረው ደም ምን ያህሉን የጉበት ገጽ እንደሸፈነ፣ ስንት እጅ የጉበት ሥጋ እንደደቀቀ ነው። በ2018 እንደገና ሲሻሻል አዲስ የገባው ነገር በሲቲ ስካን የሚታየው የደም ሥር ጉዳትና በምርመራው ሰዓት እየፈሰሰ ያለው ደም ነበር። ማሻሻያው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ለሁለተኛ ጊዜ የተከፈተው መዝገብ ለሁለተኛ ጊዜ ስለ ሐሞት አንድ ቃል ሳይጻፍበት ተዘጋ።

«ለሐሞት ቱቦማ የራሱ መለኪያ አለው» የሚል ተከራካሪ ሊነሳ ይችላል። እውነት ነው፤ ይኸው ማኅበር በ1995 ከጉበት ውጭ ላለው የሐሞት መስመር የተለየ መለኪያ አውጥቷል። የሐሞት ከረጢት ሲቀጠቀጥ ደረጃ 1፣ የዋናው ቱቦ ከግማሽ በላይ ሲቆረጥ ወይም ቱቦው በቆሽት ውስጥ ወይም በዱኦደነም ግድግዳ ውስጥ ሲጎዳ ደረጃ 5 ይባላል። ሆኖም ይህን መለኪያ በእጁ የያዘ ሐኪም በቶሎ የሚያስተውለው ነገር አለ። «ከግማሽ በታች ተቆርጧል» ወይም «ከግማሽ በላይ ተቆርጧል» ለማለት ቱቦውን በዓይን ማየት ይጠይቃል፤ መለኪያው ሆዱ ለተከፈተ ሕፃን የተሰፋ ልብስ ነው። ከዚህም የከፋው፣ ሆዳቸው ሳይከፈት በሚታከሙ ሕፃናት ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው በጉበቱ ሥጋ ውስጥ የሚያልፈው ቅርንጫፍ ቱቦ ነው። ይህ ቅርንጫፍ በጉበት መለኪያው ውስጥ የለም፤ ከጉበት ውጭ ላለው መስመር በወጣው መለኪያም ውስጥ የለም። በሁለት መዛግብት መካከል የወደቀ፣ ማንም የኔ ነው ያላለው ጉዳት ነው።

ይህ ዝምታ በተግባር የሚጎዳው ሐሞት እንደ ደም ቸኩሎ ስለማይናገር ነው። በሕፃን ላይ የጎድን አጥንቶቹ ለስላሳ፣ የሆድ ጡንቻው ስስ፣ ጉበቱ ደግሞ ከሰውነቱ አንፃር ትልቅ ነው። የብስክሌት መሪ፣ የከብት ርግጫ ወይም የመኪና ግጭት ጉበቱን ከጀርባ አጥንቱ ጋር ያጣብቀዋል። የጉበቱ ደም ወሳጅ ጠመዝማዛና ተለጣጭ በመሆኑ ይተርፋል፤ ቱቦው ግን አጭርና ቀጥ ያለ፣ በሁለት ጫፍ የተያዘ ነው። ስለዚህ ወደ ቆሽት በሚገባበት ቦታ ወይም በጉበት በር አጠገብ ይበጠሳል። የፈሰሰው ሐሞት ከጀርም የጸዳ እስከሆነ ድረስ የሆድ ዕቃውን ሽፋን ወዲያው አያስቆጣም። ሕፃኑ ይሻለዋል፤ ይበላል፤ ይጫወታል። ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ፣ ሆዱ ቀስ እያለ ይነፋል፤ ምግብ ይጠላል፤ ያስመልሰዋል፤ ቀለል ያለ ትኩሳት ይይዘዋል። በሆዱ የተጠራቀመው ሐሞት ተመልሶ ወደ ደም ሲመጠጥ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ሽንቱ ይጠቁራል። ሐሞቱ ከነጭራሹ ወደ አንጀት መሄዱን ካቆመ ሰገራው ይነጣል። በአማርኛ «ሐሞቱ ፈሰሰ» የሚባለው አቅሙና ወኔው ለከዳው ሰው ነው፤ በአልጋው ላይ ዝም ብሎ የተኛውን እንዲህ ያለ ሕፃን ያየ ሰው አባባሉ ከሕክምና መጽሐፍ የተቀዳ ይመስለዋል።

እንግዲህ ሁለቱን የጊዜ መስመሮች ጎን ለጎን ማስተያየት ነው። የ2000ው ሠንጠረዥ ደረጃ 4 የሆነውን ሕፃን በ5ኛው ቀን ያሰናብታል። ከዚያ ወዲህ የወጡት አሠራሮች፣ በ2023 የወጣውን የማኅበሩን ማሻሻያ ጨምሮ፣ ከጉዳቱ ደረጃ ይልቅ የሕፃኑን መረጋጋት ስለሚመለከቱ የቆይታውን ጊዜ ይበልጥ ያሳጥሩታል። ተደጋጋሚ የምስል ምርመራ ለሁሉም አያስፈልግም፤ ከባድ ጉዳት ደርሶበት የነበረና ምልክት የታየበት ሕፃን ግን ሊመረመር ይችላል ይላሉ። አነጋገሩ ምክንያታዊ ነው፤ ነገር ግን ያልተጻፈ ቅድመ ሁኔታ አዝሏል። ምልክቱ ሲታይ ወላጅ ያውቀዋል፣ ስልክ ይደውላል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም ያከመው ሆስፒታል ይደርሳል ብሎ ያስባል።

ቅድመ ሁኔታው በኢትዮጵያ ገጠር ሲፈተን ምን እንደሚሆን መገመት ለጤና ባለሙያ አይከብደውም። ከብት ሲጠብቅ በአህያ የተረገጠ የ8 ዓመት ልጅን እናስብ። በሪፈር ሆስፒታል ለ4 ቀን ተኝቶ «ደሙ ቆሟል» ተብሎ ወደ ቀዬው ይመለሳል። በ12ኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሲሆን እናቱ የምታውቀው ስም አላት፤ የወፍ በሽታ። የወፍ በሽታ ደግሞ የሚወሰደው ወደ ባህል ሐኪም ወይም ወደ ጠበል ነው፤ ቀዶ ሐኪም ዘንድ መሄድ በማንም ሐሳብ ውስጥ አይመጣም። ጤና ጣቢያ ቢደርስ እንኳ ርግጫውን የሚያነሳ ከሌለ፣ ቢጫነቱ የጉበት ብግነት፣ የሆዱ ማበጥ የሆድ ሳንባ ነቀርሳ ወይም የምግብ እጥረት ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። የጉበት ኢንዛይሞች ከፍ ማለትም አያጋልጠውም፤ የተቀጠቀጠ ጉበት ቀድሞውኑ ከፍ አድርጓቸዋልና። ስለሆነም ሆዱ አብጦ ወይም ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ለሚመጣ ሕፃን «ባለፈው ወር ወድቆ፣ ተመትቶ ወይም ተረግጦ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም መሣሪያ ይቀድማል። ወላጅ መልሱን የሚሸሽበት ጊዜም አለ። በቤት ውስጥ የተመታ ሕፃን አደጋው አይነገርለትም፤ ያኔ መልሱን የሚሰጠው የሕፃኑ ገላ ነው።

የምርመራውን ጉዳይ የሚያነሱ ጽሑፎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ድክመት ይታይባቸዋል። አብዛኞቹ ስለ ውድ መሣሪያዎች በስፋት ይተነትናሉ፤ ርካሹን መርፌ ግን በአንድ መስመር ያልፉታል። አልትራሳውንድ ፈሳሽ መኖሩን ያሳያል፤ ፈሳሹ ደም ይሁን፣ ሐሞት ይሁን፣ ሽንት ይሁን አይናገርም። ሲቲ ስካንም ቢሆን በዚህ ረገድ ብዙ አይሻልም። የሚናገረው ፈሳሹ ራሱ ነው። የሕፃኑ የሽንት ፊኛ ባዶ መሆኑና የደሙ መርጋት ተረጋግጦ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይቀዳል። አረንጓዴ ወይም ወርቃማ ቢጫ ከሆነ ግማሹ መልስ ተገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ የፈሳሹ ቢሊሩቢን በዚያው ቀን ከተወሰደው የደም ቢሊሩቢን ጋር ይነጻጸራል። ዓለም አቀፉ የጉበት ቀዶ ሕክምና ጥናት ቡድን በ2011 ባወጣው ትርጓሜ፣ በፈሳሹ ውስጥ ያለው መጠን ከደሙ 3 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ የሐሞት መፍሰስ አለ ይባላል። ትርጓሜው የተዘጋጀው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ላለው ሁኔታ ስለሆነ ለአደጋ እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ መመሪያ ሊወሰድ ይገባዋል። አንድ ማሳሰቢያም መጨመር አለበት፤ በሆድ ውስጥ የቆየ ደም ሲፈራርስ እሱም ቢሊሩቢን ይሰጣል። በደም ውስጥ ከፍ ያለው በአመዛኙ ቀጥተኛው ቢሊሩቢን ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ሐሞት ያጋድላል። ከዚሁ ፈሳሽ ላይ አሚሌዝ መለካትም ብልህነት ነው፤ ቱቦውን የበጠሰ ምት ቆሽቱንም ሊምረው የሚችለው እምብዛም ነው። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው መርፌና የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

የቀሩት ምርመራዎች እንደየአቅሙ ይከተላሉ። በጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚሠራው የሂዳ ስካን ሐሞቱ አሁንም እየፈሰሰ መሆኑን ያሳያል፤ ትክክለኛውን ቦታ ግን አይለይም። ኤም አር ሲ ፒ የቱቦዎቹን ቅርጽ ያለ ጨረር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ በተራው ግን በጉበት ሴል በኩል የሚወጣ ልዩ ቀለም ካልተሰጠ ፍሰቱን አያሳይም፤ ትንሽ ሕፃንም ማስተኛ ይፈልጋል። ሁለቱንም ጥያቄ የሚመልሰው፣ ከመልሱም ጋር ሕክምናውን የሚያቀርበው ኢ አር ሲ ፒ ነው፤ ኢንዶስኮፕ በአፍ ገብቶ ከዱኦደነም ወደ ሐሞት ቱቦው ቀለም ይረጫል።

ስለ ኢ አር ሲ ፒ የተጻፈው ሁሉ በጎ ነው፤ ሂስ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሐሳቡ ያማረ ነው። ሐሞት እንደ ማንኛውም ውኃ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ የቱቦው መውጫ ጡንቻ ሲቀደድ ወይም ስቴንት ሲገባበት ሐሞቱ በስንጥቁ መውጣቱን ትቶ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ ስንጥቁም በራሱ ይዘጋል። ስቴንቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። ነገር ግን በሕፃናት አደጋ ላይ ያለው ማስረጃ በአብዛኛው የአንድ ወይም የጥቂት ሕሙማን ታሪክ ነው። የሚጽፉት መሣሪያውና የሠለጠነ እጅ ያላቸው ማዕከላት ናቸው፤ ለኅትመት የሚበቃውም ይበልጡን የተሳካው ነው። በተቃራኒው፣ ሐሞታቸው በማፍሰሻ ቱቦ ብቻ ወጥቶ፣ ስንጥቃቸው ያለ ስቴንት የተዘጋ ሕፃናት ታሪካቸው ብዙም አይጻፍም፤ አስደናቂ አይደለምና። ትንንሽ ፍሰቶች ፈሳሹ ከሆድ እስከወጣና ከታች የሚያግድ ነገር እስከሌለ ድረስ በራሳቸው እንደሚደርቁ ግን የታወቀ ነው። ኢ አር ሲ ፒ የቆሽት ብግነት፣ መድማትና የአንጀት መበሳት ሊያስከትል ይችላል፤ የተለመደው የአዋቂ መሣሪያም በአብዛኛው ክብደታቸው ከ10 ኪሎ በላይ ለሆኑት ነው። መሣሪያው በጥቂት ተቋማት ብቻ ባለበት አገር «መጀመሪያ ኢ አር ሲ ፒ» የሚለውን መርሕ እንዳለ መቀበል፣ መሣሪያው የሌለውን ሐኪም እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል።

እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ግን የለበትም። በወረዳ ሆስፒታል ያለ ጠቅላላ ሐኪምም ሆነ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ኦፊሰር ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ሥራ ሐሞቱን ከሆድ ማውጣት ነው። በአልትራሳውንድ እየተመራ የገባ ማፍሰሻ ቱቦ፣ የበላዩ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ የፈሳሽና የጨው መተካት ሕፃኑን ከአደጋ አውጥቶ ወደ ሪፈር ለመሄድ የሚበቃ ጊዜ ይገዛለታል። በቱቦው የሚወጣው ሐሞት በየቀኑ ይለካ፤ ከሱ ጋር ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይሄዳሉ። ሐሞት ወደ አንጀት ካልደረሰ ቫይታሚን ኬ አይመጠጥም፤ ስለዚህ በመርፌ ይሰጠው፤ አለዚያ ከአደጋው ደም የተረፈው ሕፃን በደም መርጋት ጉድለት እንደገና ሊደማ ይችላል። እነዚህ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች በየመመሪያው ውስጥ ቢፈለጉ በቀላሉ አይገኙም።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ከቸልተኝነት ተቃራኒ የሆነው መቸኮል ነው። ሐሞት ለሳምንታት የተኛበት የጉበት በር ያበጠ፣ የተጣበቀና በቀላሉ የሚበጠስ ነው። ቱቦው ደግሞ በሕፃን ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት አለው። በዚህ ጊዜ ቱቦ ፍለጋ የሚገባ እጅ ያልተጎዳውንም ሊጎዳ ይችላል። ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ቱቦ በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና መፈለጉ አያከራክርም። ሆኖም ሁለቱን ጫፍ በቀጥታ መስፋት ከጊዜ በኋላ ለጥበት ስለሚዳርግ፣ በአመዛኙ የሚመረጠው የትንሹን አንጀት ክፍል በሩ ስም በሚጠራው የዋይ ቅርጽ አዙሮ ከጉበት ቱቦው ጋር መግጠም ነው። ይህም ብግነቱ ከበረደ በኋላ፣ ሥራውን በለመደ የሕፃናት ወይም የጉበት ቀዶ ሐኪም እጅ ሊሠራ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን ለደም ሲባል ሆዱ በተከፈተ ሕፃን ላይ ቱቦው ተቆርጦ ከተገኘና ሕፃኑ ካልተረጋጋ፣ ማፍሰሻ ትቶ መውጣት ሽንፈት አይደለም።

ደምና ሐሞት ተለያይተው የማይታዩባቸው ሁኔታዎችም አሉ። በጉበቱ ውስጥ የተጎዳ ደም ወሳጅ ወደ ሐሞት ቱቦ ሲከፈት ሕፃኑ በቀኝ ጎኑ የሚቆርጥ ሕመም፣ ቢጫነትና ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስመለስ ይታይበታል። ኲንከ እነዚህን ሦስት ምልክቶች በ1871 አንድ ላይ ገልጿቸዋል፤ ሳንድብሎም በ1948 ሄሞቢሊያ የሚለውን ስም ሰጠው። ሕክምናው በተቻለበት ቦታ የሚደማውን ሥር በካቴተር መድፈን ነው። ይሁንና የሐሞት ቱቦ ደሙን የሚያገኘው ከጉበት ደም ወሳጅ ብቻ ስለሆነ፣ ለደም ሲባል የተደፈነ ሥር ቱቦውን ወይም የሐሞት ከረጢቱን ሊያደርቅ ይችላል። ደም የቆመለት ሕፃን ከዚህ በኋላም ለሐሞት መጠበቅ አለበት ማለት ነው። የቱቦ ጥበት ደግሞ ከወራት አልፎ ከዓመታት በኋላ ተደጋጋሚ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳትና ቢጫነት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ «ድኗል» ተብሎ ካርዱ መዘጋቱ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ከመመሪያዎቹ የሚጠየቀው ሁሉንም ሕፃን ደጋግሞ ማንሳት አይደለም። ይህ ጨረርን ያበዛል፤ ወጪውም አይቻልም። የሚጠየቀው አንድ ዓምድ ነው። የጉዳቱ ደረጃ 3 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሕፃን፣ በተለይም ስንጥቁ ወደ ጉበት በር ለተጠጋ፣ ከአደጋው በኋላ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን አካባቢ ለሐሞት ብቻ ተብሎ የሚደረግ ቀጠሮ ሊጻፍ ይገባል። ቀጠሮው ሆዱን መዳሰስ፣ ዓይኑን ማየት፣ ቢሊሩቢን መለካትና ከተቻለ አልትራሳውንድ ማንሳት ነው፤ ለሕፃኑ ቤት በቀረበው ጤና ጣቢያ ሊደረግ ይችላል። በመውጫ ወረቀቱ ላይም ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ አራት ነገር ይጻፍ፤ ሆዱ ካበጠ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሰገራው ከነጣ፣ ምግብ እንቢ ካለ፣ የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ቤት እንዳይቆይ፣ ይህን ወረቀት ይዞ ይመለስ። ወረቀቱ ላይ የአደጋው ቀንና የጉበቱ ጉዳት ደረጃ ይኑር፤ ያኔ ሕፃኑን በ12ኛው ቀን የሚቀበለው የጤና ባለሙያ፣ ቀድሞ ያላየው ቢሆን እንኳ፣ መርፌውን የት እንደሚያስገባ ያውቃል።